ድራማው ሲያልቅ ማን ጎደለ?



በዚህ በስደት ምድር በሚገኙ ማኅበረ ምእመናን ዘንድ አንድ ክስ ደጋግሞ ይሰማል። «ሴቶቻችን የቅዱሳንን ስም ረስተው የተዋንያንን ስም ይቆጥራሉ፤ መቁጠሪያው ከእጃቸው ወጥቶ ስልክ ገብቶበታል፤ ከቅዳሴ ሲወጡ የሚያወሩት ስለ ስብከቱ ሳይሆን ትናንት ስለታየው ክፍል ነው» ይባላል። ክሱን የሚያሰሙት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለነፍሳት የሚያስቡ የማኅበር ኃላፊዎችና አገልጋዮች ናቸው። ይሁን እንጂ ክሳቸው ዒላማውን ስቷል ብዬ በግልጽ ልቃወመው እወዳለሁ። ይህን የምለው የሚታየው ድራማ ሁሉ መልካም ነው ለማለት አይደለም። ከሳሾቹ መስኮቱን ብቻ አይተው በመስኮቱ ዙሪያ የተሰበሰቡትን ሰዎች ሳያዩ ስለቀሩ ነው።

አስቀድመን የሚከሰሰውን ነገር እንዳለ እንመልከተው። አንዲት እኅታችን ከማለዳ ጀምራ ስትሠራ ትውላለች። ልጆቹ ተኝተው፣ የመጨረሻው ሳህን ታጥቦ፣ ማዳም መብራት ካጠፉ በኋላ ወደ ጠባብ ክፍሏ ትገባለች፤ ያውም ክፍል ካላት ነው፤ የሌላት በማድ ቤቱ ጥግ ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። ስልኳን ከፍታ፣ ማዳመጫውን በጆሮዋ አድርጋ፣ እንቅልፍ እስኪጥላት ድረስ አንድ ክፍል የአማርኛ ድራማ ታያለች። ሲያልቅ ለጓደኛዋ የድምፅ መልእክት ትልካለች፤ «አየሽው? እኔስ ገና ድሮ ጠርጥሬው ነበር!» ትላለች። አንዷ ከኩዌት፣ ሌላዋ ከቤሩት፣ ሦስተኛዋ ከዱባይ ትመልሳለች። የዕረፍት ቀን ያላቸው ዓርብ ወይም እሑድ ሲገናኙ ቡናው ተቆልቶ አቦል ሳይቀዳ ጨዋታው ይደራል። ያላየችው «አትንገሩኝ፣ ገና አልደረስኩበትም» ብላ ጆሮዋን ትይዛለች፤ ሌሎቹ ይስቁባታል፤ እስክትደርስባቸውም ይጠብቋታል።

ይህ ሥራ ፈትነት ነውን? ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ ትእዛዝ ስትቀበል የዋለች ሴት ለአንድ ሰዓት ያህል የምትስቅበትንና የምትቆጣበትን ነገር በእናቷ ቋንቋ መስማቷ ሥራ ፈትነት ከተባለ፣ ሥራ የሚለውን ቃል አላወቅነውም ማለት ነው። በቀን ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው የሌላት ሴት «ዛሬ ማታ ምን ይፈጠር ይሆን?» ብላ አብራ የምትጠብቅ ጓደኛ ማግኘቷ ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው አብሮት ከሚበላው ሰው ጋር እንደሚዛመድ ሁሉ አብሮት ከሚጠብቀው ሰው ጋርም ይዛመዳል።

ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአገራችን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት በአንድ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ጎረቤት ማታ ማታ ወደዚያ ቤት ይሰበሰባል፤ ልጆች ከፊት ወለሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ አዋቂዎች ከኋላ ወንበርና ዱካ ይጋራሉ። ወደዚያ ቤት ግን የቤቱን እመቤት ሰላም ሳይል የሚገባ አልነበረም። የተጣላ ጎረቤት እንኳ ድራማውን ላለማጣት ሲል ይታረቅ ነበር። በኋላ ዘመን «ሰው ለሰው» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲታይ የአስናቀን ተንኮል ያልተነጋገረበት ቤት፣ ታክሲና መሥሪያ ቤት ማግኘት ያስቸግር ነበር። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ጀምሮ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ የአገር ውስጥ የጥበብ ሰዎች ሥራችንን ይጎዳል ብለው ተቃወሙ፤ ተመልካቹ ግን የቱርክ ገጸ ባሕርያትን እንደ ጎረቤት ልጆች ማማት ጀመረ። ክርክሩ የራሱ ቦታ አለው። እኔ የማመለክተው ግን አንድ ነገር ነው፤ ሰው ታሪክን ብቻውን መስማት አይወድም። የሰማውን የሚነግረው፣ የሚከራከረውና አብሮት የሚያለቅስ ሰው ይፈልጋል።

አሁን ልብ በሉ። እነዚህ ተመልካቾች የሚያደርጉት ምንድን ነው? የተወሰነ ሰዓት አላቸው፤ ሰዓቱንም ያከብራሉ። የሚጠባበቁት ነገር አለ፤ መጠባበቁም ራሱ ደስታ ነው። ያለፈውን ያስታውሳሉ፤ «ያን ጊዜ እንዲህ ብላ አልነበረም?» እየተባባሉ ይተርካሉ። አዲስ ሰው ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምረው ያስተምሩታል፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደከዳ አንድ በአንድ ያስረዱታል። የራሳቸው አነጋገርና ቀልድ አላቸው፤ በዚያም ይተዋወቃሉ። እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህን ሁሉ ከየት እናውቀዋለን? ሰዓትን መጠበቅ፣ በተስፋ መቆየት፣ ያለፈውን መታሰቢያ ማድረግ፣ አዲሱን ከሥር ጀምሮ ማስተማር፣ ይህ የቤተ ክርስቲያን አኗኗር ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች በትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራን በመቁረስና በጸሎት ይተጉ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። መትጋት ማለት ሳይሰለቹ ተመላልሶ መምጣት ነው። ሰው ለአምልኮ የተፈጠረ ስለሆነ ሥርዓት ሳያበጅ መኖር አይችልም። በመስኮት ዙሪያ ሥርዓት ሲያበጅ ብናይ መደንገጥ የለብንም፤ እግዚአብሔር በልቡ ያኖረው ረኀብ መኖሩን መረዳት እንጂ።

ደግሞም ማውገዝ ምን እንደሚያስገኝ በዚሁ በምንኖርበት ምድር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኤም ቢ ሲ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ የቱርክ ተከታታይ ድራማ በሶርያ ዐረብኛ አስተርጉሞ «ኑር» በሚል ስም አቀረበ። ድራማው በትውልድ አገሩ ያን ያህል አልተወደደም ነበር፤ በዐረቡ ዓለም ግን ከዳር እስከ ዳር ሰውን በየቤቱ ሰበሰበ። የዋና ገጸ ባሕርያቱ የኑርና የሙሐነድ ስም በየቤቱ ይነሣ ጀመር። የሃይማኖት ባለሥልጣናት ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ሰው ግን ማየቱን አልተወም። ወቀሳው ተመልካቾቹን አልበተነም፤ የሚነጋገሩበት አንድ ርእስ ጨመረላቸው እንጂ። ካህን ሆነን ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ለተራበ ሰው ረኀብህ ኃጢአት ነው ብሎ መስበክ አያጠግበውም።

«ድራማው ግን ዝሙትንና በቀልን ያስተምራል» የሚለኝ ይኖራል። አንዳንዱ በእርግጥ ያስተምራል። ክህደትን እንደ ብልጠት፣ ሀብትን እንደ ደኅንነት የሚያሳይ ድራማ ሞልቷል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛ ባወጣው «ኢንተር ሚሪፊካ» በተባለው ድንጋጌ፣ እነዚህን መሣሪያዎች ከድንቅ የሰው ልጅ ግኝቶች መካከል ቆጥሯቸዋል፤ ዳሩ ግን ተመልካቹ በኅሊናው መዝኖ እንዲመርጥ ግዴታ አለበት ብሏል። እንግዲህ የምትመለከቱትን ምረጡ፤ ሰው የሚበላውን እንደሚመርጥ። ነገር ግን ምግቡ የተበላሸ ስለሆነ ማዕዱን ሰብሮ መጣል የአስተዋይ ሥራ አይደለም። ማዕዱ መሰባሰቡ ነው፤ እርሱን ልንጠብቀው ይገባል።

እስከዚህ ድረስ ከሳሾችን ተቃወምሁ። አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ተመልካቾቹ እመልሳለሁ፤ ለእናንተም የማይጣፍጥ ቃል አለኝና።

«እኛ አለን፤ ቡድናችን ቤተሰባችን ነው፤ ሌላ ማኅበር አያስፈልገንም» የምትሉ አላችሁ። ቤተሰብ ነን ካላችሁ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በድራማው ላይ አስተያየቷን በየማታው ትልክ የነበረችው፣ ድምፅዋ የሚያስቃችሁ ያች ልጅ ሦስት ሳምንት ዝም ስትል ማን ጠየቃት? አንዳንዶቻችሁ «ስልኳ ተበላሽቶ ይሆናል» ብላችሁ አልፋችኋል። ምናልባት ተበላሽቶ ይሆናል። ምናልባት ደግሞ አሠሪዋ ቀምተዋት ይሆናል። ምናልባት ታማ ሆስፒታል ተኝታ ይሆናል። ምናልባት ከቤቱ ወጥታ የምትጠጋበት አጥታ ይሆናል። እናንተ ግን የሚቀጥለውን ክፍል አይታችሁ ጨዋታችሁን ቀጠላችሁ፤ ድምፅዋ መጉደሉም አልታወቃችሁም።

ይህ የመሰባሰብ ሁሉ ፈተና ነው። ማንኛውም ሥርዓት ሰውን ያስተሳስራል፤ የትስስሩ እውነተኛነት የሚታወቀው ግን በተገኙት ደስታ አይደለም። በጎደለው ሰው ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ ተመልካች በመስኮቱ ከሚያየው ሰው ጋር የሚመሠርተውን ወዳጅነት መርምረው አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ወዳጅነቱ የሚሄደው በአንድ ወገን ብቻ ነው። እናንተ ተዋናዩን ታውቁታላችሁ፤ እርሱ አያውቃችሁም። ይህ ተዋናዩን አያስወቅሰውም፤ ሊያውቃችሁ አይችልምና። የሚያስወቅሰው አብረን የተቀመጥን ሰዎች እርስ በርሳችን እንደዚያው ስንሆን ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ለመስኮቱ ሰው አልቅሰን ለጎረቤታችን ደረቅ ዓይን ስንሆን፣ የመስኮቱ በሽታ ወደ ማዕዳችን ገብቷል።

ይህን ከማንም ይልቅ እናንተ የቤት ሠራተኞች ታውቁታላችሁ። በረመዳን ወር በየዐረቡ ቤት ምን እንደሚሆን አይታችኋል። ጣቢያዎቹ ለዚያ ወር የሚሆን ሙሰልሰል አዘጋጅተው በየምሽቱ አንድ አንድ ክፍል ያቀርባሉ። ከኢፍጣር በኋላ አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጆች በአንድ ሳሎን ይሰበሰባሉ፤ ያማረ ሥርዓት ነው፤ እንግዳ ተቀብለው፣ ጣፋጭ ቀርቦ፣ አብረው ይስቃሉ። በዚያችው ሰዓት አንዲት ሴት በማድ ቤት የሠላሳ ሰው ሳህን ታጥባለች። ድምፁን ትሰማለች፤ ምስሉን አታይም። ብዙዎቻችሁ ዐረብኛ የተማራችሁት እንዲህ ነው፤ ጀርባችሁን ለሳሎኑ ሰጥታችሁ፣ እጃችሁ ከሳሙና ሳይወጣ። ቤተሰብን የሚያስተሳስረው ያ ሥርዓት አንድ ሰው ከደጅ አስቀርቶ ይፈጸማል፤ የቀረችውንም የሚያስታውስ የለም። ከደጅ መቅረት ምን እንደሆነ እናንተ ቀምሳችኋል። ታዲያ በራሳችሁ ስብስብ ውስጥ የቀረችውን እንዴት ትረሳላችሁ?

በድራማው ውስጥ ያለችውንም ሠራተኛ ተመልከቱ። በምታዩት ተከታታይ ድራማ ሁሉ አንዲት ሠራተኛ አለች፤ በር ትከፍታለች፣ ሻይ ታቀርባለች፣ «እሺ እመቤቴ» ብላ ትወጣለች። ስሟን ታስታውሳላችሁን? የባለጠጋውን ቤት እመቤት ሐዘን አንድ ሳምንት ታለቅሱለታላችሁ፤ ሻይ ያቀረበችላት ግን ታሪክ የላትም። ደራሲው ረስቷት ይሆናል። እናንተ ግን ራሳችሁን እንዴት ትረሳላችሁ? እንባችን እንኳ ለእመቤቶች ብቻ እንዲፈስ ሰለጠነ ማለት ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ግን በዚህ ምድር አብረናቸው የምንቀድሰው ፊሊፒናውያን እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ሊነግሩን ይችላሉ። በአገራቸው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታይ «ኢት ቡላጋ» የተባለ የቀትር የመዝናኛ ዝግጅት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዚያ ዝግጅት ውስጥ ሳይታሰብ አንድ የመንገድ ላይ ተከታታይ ጨዋታ ተጀመረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ «ያያ ዳብ» ትባላለች፤ «ያያ» ማለት ሞግዚት ማለት ነው። አንድ ወጣት ይወዳታል፤ ነገር ግን የሚተያዩት ለሁለት በተከፈለ መስኮት ብቻ ነው፤ አያቲቱ ደግሞ ትክክለኛው ጊዜ እስኪደርስ ድረስ እንዲገናኙ አትፈቅድም። ቀትር በደረሰ ቁጥር ሚሊዮኖች ሥራቸውን አቁመው ተሰበሰቡ፤ በየባሕረ ሰላጤው አገር የሚኖሩ ስደተኞችም በስልካቸው ተከተሉ። ሞግዚቲቱ በር ከፋች አልነበረችም፤ ታሪኩ የእርሷ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 2015 «ታማንግ ፓናሆን»፣ ትርጉሙም «ትክክለኛው ጊዜ»፣ የተባለ ትልቅ ዝግጅት በፊሊፒንስ አሬና ተደረገ። በዚያን ዕለት በትዊተር ብቻ 41 ሚሊዮን ያህል መልእክት ስለ እነርሱ ተጻፈ። ቁጥሩ ዓለምን አስገርሟል፤ እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ከመግቢያው የተሰበሰበው ገንዘብ ለትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ማቋቋሚያ እንዲውል ተደረገ። እነዚያን ጥንዶች ለማየት የጓጓው ሕዝብ ደስታ፣ ጨዋታውን ምናልባትም ላላየ አንድ ድኻ ልጅ መጽሐፍ ሆኖ ደረሰ። የመስኮቱ ደስታ ከመስኮቱ ወጥቶ በዚያ ላልነበረ ሰው ሲደርስ ማኅበር ተወለደ እንላለን።

እኛስ? የእኛ ሕዝብ ይህን ከማንም ቀድሞ ያውቃል። እድር ምንድን ነው? ስም የሚጠራበት ስብሰባ ነው። ዳኛው መዝገቡን ይዞ ስም ይጠራል፤ ያልተገኘው ይጠየቃል፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል፤ የታመመ ይጎበኛል፤ የሞተበት ድንኳን ይተከልለታል። የጽዋ ማኅበርተኛ ሲቀር ድርሻው ወደ ቤቱ ይላካል። ሰው ከእድር ውጭ ሲሆን «ማን ይቀብረዋል?» ተብሎ የሚታዘንለት ለዚህ ነው። እድርተኛ ሁሉ ይዋደዳል ማለት አይደለም፤ የማይዋደዱትም ቢሆኑ ይቆጣጠራሉ። በዚያ መቆጣጠር ውስጥ ከብዙ ጣፋጭ ቃል የሚበልጥ ፍቅር አለ። ጌታችንም ስለ መቶ በጎች ሲነግረን፣ እረኛው አንዷ መጥፋቷን ያወቀው እንዴት ነው? ቆጥሮ ነው። ያልቆጠረ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን መቶ መስለውት ደስ ብሎት ይተኛል።

ቤተ ክርስቲያን ለቴሌቪዥን ጠባቂ ቅድስት ስትመርጥ ማንን እንደመረጠች ታውቃላችሁን? ዝነኛ ተናጋሪ ወይም የጥበብ ሰው አልመረጠችም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1958 የሰየሟት የአሲዚዋን ቅድስት ክላራን ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በአንድ የልደት ሌሊት ክላራ በጽኑ ታማ ከአልጋዋ መነሣት አልቻለችም። እኅቶቿ ሁሉ ለጸሎት ሄዱ፤ እርሷ ብቻዋን ቀረች። ብቻዋን መቅረቷንም ለጌታ አመለከተች። ያን ጊዜ በሩቅ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ቤተ ክርስቲያን የሚደረገው ሥርዓት በተኛችበት ተገለጠላት፤ ዝማሬውንም ሰማች። እኅቶቿ ሲመለሱ ያየችውንና የሰማችውን ነገረቻቸው። እንግዲህ የቴሌቪዥን ቅድስት ከስብስቡ የጎደለችው ሴት ናት። መስኮት ክቡር የሚሆነው መምጣት ላልቻለው ሰው የሌሎቹን ኅብረት ሲያደርስለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ሁላችንም ለጥቂት ወራት እንደ ክላራ ሆነን ቅዳሴን በስልክ አየን። በኋላ ለእኛ በሩ ተከፈተ። የዕረፍት ቀን ለተነፈጋት፣ ከውጭ ለሚቆለፍባት እኅታችን ግን ያ በር እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም፤ ግን አጥብቄ እጠይቃችኋለሁ።

ድራማ አብራችሁ የምታዩ ሁሉ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ በረካ ሲቀዳ፣ ስም ጥሩ። «ከእኛ መካከል ዛሬ ማን የለም? ድምፅዋን ከሰማን ስንት ቀን ሆነ?» በሉ። የእያንዳንዳችሁን ሙሉ ስም፣ የምትሠሩበትን ሰፈርና በአገር ቤት የሚጠራ አንድ የቤተሰብ ስልክ ከመካከላችሁ የምታምኑት አንድ ሰው በጥንቃቄ ይያዝ። አንዷ ዝም ስትል ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ ለማኅበሩ ኃላፊ ወይም ለካህኑ ንገሩ። የጎደለችውን ቀድመው የሚያውቁት በየማታው ድምፅዋን የሚሰሙት ናቸውና፣ ይህን ማድረግ ከካህን ይልቅ ለእናንተ ይቀላል።

የቀረችውን በምትችሉት ሁሉ ድረሱላት። ስልክ የሌላትን ስታገኙ የድራማውን ታሪክ ንገሯት፤ አትፈሩ፣ ይህም ምሕረት ነው። በሆስፒታል የተኛችን ሴት ለአንድ ሰዓት ያሳቀ ሰው በሽተኛ ጠይቋል። ድራማውን ስትነግሯት ግን የእሑዱን ወንጌልም ንገሯት፤ ክላራ ከእኅቶቿ የተካፈለችው ሁለተኛውን ነውና። ከቡናው ጎን አንዲት ሙዳይ ትቀመጥ። ለአዲስ ድራማ ዳታ የምንገዛበት ሳንቲም ሲገኝ፣ ደመወዝ ለተከለከለችና የመመለሻ ቲኬት ላጣች እኅት የሚጣል ሳንቲምም ይገኛል። የቅዳሴንም ሰዓት ለመስኮት አትስጡ፤ የሚታየው ድራማ ቆይቶም ይታያል፤ ሥጋውና ደሙ የሚፈተትበት ማዕድ ግን ወንበራችሁ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

እናንተም ከሳሾች ሆይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ሴቶቹ ስለ ድራማ ሲስቁ ስታዩ መብራቱን አታጥፉባቸው። ወንበር ስባችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። የማታውቁትን ታሪክ ጠይቋቸው፤ ደስ ብሏቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሯችኋል። ከዚያ በኋላ እናንተም ጠይቁ፤ «ባለፈው ወር እዚህ ጥግ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ የት አለች?» በሉ። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ማኅበር የቅዱሳንን ስም በቃሉ ቢያውቅም ከተመልካች አይሻልም። የሚጠይቅ ከሆነ ግን በድራማ ቢጀመርም የክርስቶስ ማኅበር ወደ መሆን እየሄደ ነው።

ዛሬ ማታ የምታዩት ክፍል ሲያልቅ ስልኩን ወዲያው አትዝጉ። አንድ ስም አስቡ፤ ደውሉም።

ከበጎቹ አንዲቱ ስትጎድል የሚያውቅ መልካሙ እረኛ ክርስቶስ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። ብቻዋን የቀረችው ቅድስት ክላራ፣ ብቻቸውን ለቀሩት ሁሉ ታማልድ። አሜን።